የአደራ መጽሐፍ

መቼም አሮጌ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለማንበብ ይገዛል፤ ሁለተኛው ለማስቀመጥ። እኔ ከፊተኞቹ ወገን ነበርኩ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከአንዱ ዝግጅት ክፍል ወደ ሌላው ስንከራተት፣ የጽሑፍ ክፍያዬ ከወር ወደ ወር ሲንከባለል፣ የቤት ኪራዩ ግን ቀኑን ሳያዛንፍ ሲመጣ፣ ሳላስበው ለኋለኞቹ መላላክ ጀመርኩ። በአራት ኪሎና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችን እየዞርኩ የመጀመሪያ እትሞችን እፈልጋለሁ፤ ሳገኝ ለሚሰበስቡ ሰዎች አቀብላለሁ፤ መሐል ላይ ጥቂት ብር ይተርፈኛል። በግልጽ አማርኛ፣ ደላላ ሆኛለሁ።

ከእነዚህ ሰብሳቢዎች አንዱ በ2017 ዓ.ም. ስልክ ደወለልኝ። ኑሮው ውጭ አገር ነው። «የ1975ቱን ‹ኦሮማይ› ካገኘሽልኝ፣ ሽፋኑ ካልተነካ፣ የስድስት ወር የቤት ኪራይሽን እኔ እችላለሁ» አለኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የ1975ቱ «ኦሮማይ» የት እንዳለ አውቅ ነበርና።

ለአብዛኛው አንባቢ «ኦሮማይ» እንግዳ አይደለም። ቢሆንም ነገሩን ለማስጨበጥ ያህል በአጭሩ ላስታውስ። በዓሉ ግርማ ከደራሲነቱ ጎን ለጎን የዕድሜ ልክ ጋዜጠኛ ነበር። «መነን»ንና «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ በኋላም «አዲስ ዘመን»ንና «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በአዘጋጅነት መርቷል። በ1962 «ከአድማስ ባሻገር»ን አሳትሞ ስሙን ተከለ፤ በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን ደረሰ። በጥር 1974 መንግሥት የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻን አስመራ ላይ ሲያውጅ እሱም ከፕሮፓጋንዳው ክፍል ጋር ዘመተ። ከ100 ሺህ በላይ ጦር ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ። የዘመቻው መደምደሚያ ይሆናል የተባለው የናቅፋ መያዝ ነበር። ናቅፋ አልተያዘችም። ሬዲዮው ግን ይህን አልተናገረም።

በዓሉ ያየውን በልቦለድ መልክ ጻፈው። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይዘምታል፤ እዚያ ፊያሜታን ያፈቅራል። በፍቅሩ ዙሪያ ግን ጦርነቱ አለ፤ ባለሥልጣኑ፣ ሰላዩ፣ ስብሰባው፣ መፈክሩ፣ በመጨረሻም ተራራው። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛ ተነሥቶ በአስመራ ሰው አፍ የለመደ ቃል ነው፤ አለቀ፣ አከተመ፣ ከእንግዲህ የለም እንደማለት። መጽሐፉን በ1975 ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አሳተመው፤ ገበያ እንደወጣ ወዲያው ተለቅሞ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የተቀበረበት ቦታ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከ1983 ወዲህ መጽሐፉ እየታተመ ነው፤ ማንም ከመንገድ ገዝቶ ያነበዋል። በ2017 ደግሞ ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት የውጭው ዓለምም አየው። ታዲያ ቃሉ አንድ ከሆነ የመጀመሪያውን እትም ማሳደድ ለምን አስፈለገ? ይላል የፊተኛው ወገን አንባቢ።

የሰብሳቢ ዓይን ሌላ ነው። የሄሚንግዌይን «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣውን የመጀመሪያ ኅትመት ከሁለተኛው የሚለየው፣ ገጸ ባሕርያቱ በሕይወት ያሉ ሰዎች አይደሉም የሚለው ማሳሰቢያ ያልገባበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ያ ዐረፍተ ነገር የሌለበት ይወደዳል። የወረቀት ልባሱ ከተቀደደ ግን ዋጋው ያሽቆለቁላል። በዚያው ዓመት የወጣውን የሬማርክን የምዕራብ ግንባር ልቦለድ ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1933 በአደባባይ አቃጠሉት። ከአሥር ዓመት በኋላ የሬማርክን እህት ኤልፍሪደ ሾልዝን በፍርድ ቤት አስፈርደው አንገቷን ቀሉት። መጽሐፍ ላይ የተለኮሰ እሳት እዚያው አይቆምም። ከእንዲህ ዓይነቱ እሳት ያመለጠ ቅጂ ነው እንግዲህ ሰብሳቢው የሚፈልገው። የሚፈልገው ግን ማምለጡን እንጂ ሲያመልጥ የለበለበውን አይደለም። ንጹሕ፣ ያልተገለጠ፣ የጣት ምልክት የሌለበት እንዲሆን ይሻል።

የማውቀው ቅጂ ዋጃ ነበር፤ እናቴ ወንድም ቤት።

ዋጃን ለማያውቅ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተኮለኮለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ኮረም የሚያወጣው ገደል፣ መሐሉ ሜዳ። ዝናብ ራሷ ላይ ሳይሆን ተራራው ላይ ይዘንብላታል፤ ገበሬው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣል። ሙቀቱ ሰው ያደክማል፤ ሰዉ ግን አይደክምም። ልጅ ሳለሁ ክረምት ክረምት እናቴ ወደ አያቴ ትልከኝ ነበር። ከዚያ ዘመን በጆሮዬ የቀረው አንድ ነገር ነው። መኪና መንገድ ዳር ሲቆም፣ አያቴ የያዘችውን ትታ ወደ በር ትወጣና «ማን ወረደ?» ትላለች። አውቶቡስ ሲቆም፣ የጭነት መኪና ሲቆም፣ ሌሊትም ቢሆን። እኔ ሰው የምትወድ ስለሆነች ይመስለኝ ነበር።

እናቴን ስለ መጽሐፉ ስጠይቃት፣ «ወንድሜ ዘንድ አለ። ግን ባትጠይቂው ይሻላል» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ የስድስት ወር ኪራይ ጆሮ ይደፍናል።

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሰንብቶ፣ በተከፈተ ሰሞን ተነሣሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደሴ አደርኩ፣ በወልድያ አድርጌ ቆቦ ደረስኩ፣ ከቆቦ በሚኒባስ ዋጃ ገባሁ። አጎቴ ሰባ ሊሞላው ምንም አልቀረው። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው፤ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ «መምህር» ይለዋል። ከግቢው ቁልቋል አጥር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጉልበቱን ስሜ ተነሣሁ፤ ቡና ተፈላ፤ የዘመድ ወሬ ተዳረሰ። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ስለ ‹ኦሮማይ› አንድ ጥናት ነገር እየሠራሁ ነው። የድሮው እትም አንተ ዘንድ አለ ሲሉ ሰምቼ...»

ይኸው፣ አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያው ውሸት የእኔ ነበር። ዋጋ ቢጠይቀኝ የምነግረውንም ዝቅተኛ ቁጥር መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት።

አጎቴ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ያረጀ አቅማዳ ይዞ ወጣ። አቅማዳው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ። ላስቲኩ ሲፈታ የጉድጓድ ማሽላ ሽታ ግቢውን ሞላው። የወጣው መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ «የሒሳብ መምህር መምሪያ» ይላል።

«ይኼ አይደለም» አልኩ።

«ግለጪው» አለኝ።

ገለጥኩት። ውስጡ «ኦሮማይ» ነው። ሽፋኑ የለም፤ ስሙ ያለበት ገጽ የለም፤ የአሳታሚውና የዓመተ ምሕረቱ ገጽ የለም። በሌላ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ በጆንያ ክር ተሰፍቷል። ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ገጽ የቡና፣ አንዳንዱ የሰም ጠብታ አለበት። ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ናቅፋ ላይ፣ አንድ ቅጠል ተገንጥሎ በምትኩ የደብተር ወረቀት በሰማያዊ ቀለም በአጎቴ እጅ ጽሕፈት ተጽፎ ገብቷል።

«ይኼስ?»

«ምስጥ በላው። በቃሌ ስለማውቀው ጻፍኩት» አለኝ።

የመጽሐፉን አመጣጥ የነገረኝ ያን ማታ ነው። በ1976 መጀመሪያ ገደማ አንድ የፊያት 682 ሾፌር ጭነት ይዞ ወደ አስመራ ሲያልፍ ዋጃ ላይ መኪናው ተበላሸበት። ሻይ ቤት ውስጥ ወጣቱን መምህር አግኝቶ ተጫወቱ። ሌሊቱን ከወደፊት ያለው ኬላ ፍተሻው እንደጠበቀ ወሬ ደረሰ። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሥር መጽሐፍ አውጥቶ፣ «አዲስ አበባ የወጣ ቀን የገዛሁት ነው። ይዤው ባልፍ ያስጠይቀኛል፤ ብጥለው ያሳዝነኛል። ስመለስ እወስደዋለሁ፤ እስከዚያ አንብበው። አደራ» አለው። ጎህ ሲቀድ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። አልተመለሰም።

«ስሙ ማን ነው?»

«አልጠየቅሁትም። ያኔ ስም መጠየቅ ራሱ ያስፈራ ነበር። ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረው። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ ነበር።»

በዚያ መንገድ ሄዶ አለመመለስ በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። ምናልባት ሞቷል፤ ምናልባት መስመር ቀይሯል፤ ምናልባት ረስቶታል። አጎቴ ግን አልረሳም። ደራሲው ጠፋ የሚለውን ወሬ ሌሎች ሾፌሮች ይዘውት ሲወርዱ፣ ስሙ ያለበትን ሁሉ ቀዶ ምድጃ ከተተው፤ የቀረውን በሒሳብ መምሪያ ሸፈነው። ቀን ቀን ከእናቱ ግቢ ከማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ያኖረዋል፤ ማታ ማታ ያወጣዋል። ለሚያምናቸው መምህራን አንድ በአንድ፣ ለአንድ ለአንድ ሌሊት አውሷል። በ1977 ረሃቡ ሲመጣ፣ ሰው ወደ ኮረም ሲጎርፍ፣ ጉድጓዱ ተጠርጎ ነበር። «ከዚያ መጽሐፍ በቀር ውስጡ አንዳች አልነበረም» አለኝ። «አንድ ቀን እናቴ ገብታ በእጇ ስትዳስስ አገኘችውና፣ እህል መስሏት ደነገጠች።»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ይህን ሁሉ ሳሰላስል፣ እውነቱን ለመናገር፣ አእምሮዬ ግማሹ ስለ አደራው፣ ግማሹ ስለ ጎደለው ሽፋን ነበር። የኅትመት ገጽ ከሌለው የ1975 መሆኑን በምን አስረዳለሁ? ለሰብሳቢዬ በእጅ ስልኬ ፎቶ ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ መለሰ። ሽፋን ከሌለው፣ ዓመተ ምሕረት ከሌለው፣ በእጅ የተጻፈ ገጽ ካለበት፣ ለእሱ የአንድ ወር ኪራይ ያህል ያወጣል። «ለማንኛውም ይዘሽው ነይ፤ በእጅ የተጻፈውን እናወጣዋለን» አለ።

እናወጣዋለን ሲል ደግሜ አየሁት፤ ያን የደብተር ወረቀት። ቦርሳዬ ውስጥ የኋለኛው እትም ነበረኝ፤ ለማመሳከር ይዤው መጥቼ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። አጎቴ እውነትም ጎበዝ ነው፤ ቃል በቃል ለማለት ይቻላል። ከገጹ ግርጌ ስደርስ ግን ቆምኩ። በእጅ የተጻፈው ላይ በታተመው የሌለ ነገር አለ። ተራራው ላይ ካለቁት መካከል አንድ የራያ ልጅ፣ አንድ ወጣት ሚሊሺያ፣ ቆስሎ እንደተማረከና ከወዲያኛው ወገን ፍየል እየጠበቀ በሕይወት እንዳለ የሚናገር ሦስት መስመር። በዓሉ ግርማ ይህን አልጻፈም።

ጠዋት ሁለቱንም መጽሐፍ ይዤ ወጣሁ። አጎቴ አየኝ፤ ከዚያም የያዝኩትን አየ። አንዲትም ቃል ሳልናገር፣ «ምስጥ አልበላውም» አለኝ።

ታናሽ ወንድም ነበረው። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲባል በሚሊሺያነት ገብቶ ታጠቅ ሠለጠነ፤ ኦጋዴን ተዋጋ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተወሰደ። የመጨረሻው ደብዳቤው የተጻፈው በ1974 ጥር ነው፤ ከአስመራ። ከዚያ ዝም። መንግሥት ለቤተሰቡ የነገረው ነገር የለም። በ1975 አንድ እግሩን ያጣ የቆቦ ልጅ በዚያ ሲያልፍ አጎቴን ለብቻው ጠርቶ፣ ናቅፋ ላይ ከጎኑ እንደወደቀ ነገረው። «መርዶውን አንተ ንገር» ብሎት ሄደ።

«በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ» አለኝ። «ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል፣ በር ይንኳኳል። እኔ ሬሳ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሬዲዮው ድል ድል ይላል፤ ማንን ሰብስቤ ምን ብዬ ልሂድ? ብናገር ወሬ ነዛ ተብዬ እታሠራለሁ። ይኼ ግማሹ ነው። ግማሹ ግን ፍርሃት አልነበረም። አፌ እምቢ አለኝ።»

መጽሐፉ እጁ ሲገባ አንድ ሐሳብ መጣለት። እናቱ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ሊያነብላት ቆረጠ። ልቦለዱ ራሱ ይነግራታል፤ ናቅፋ ምን እንደሆነ፣ እዚያ የወጣ ምን እንደገጠመው ራሷ ትረዳዋለች፤ እሱ መርዶ ነጋሪ ሳይሆን አንባቢ ብቻ ይሆናል። ስንት ሌሊት እንደፈጀ አያስታውስም። አያቴ ስለ ባለሥልጣናቱ ስትሰማ ትስቃለች፣ ስለ ፊያሜታ ስትሰማ ትቆጣለች። ተራራው ላይ ሲደርሱ ግን እንዝርቷን አስቀመጠች። አንብቦ ሲጨርስ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ከዚያ የተረፈ የለም?» አለችው።

«አለ አልኳት» አለኝ አጎቴ። «አንድ የእኛ አገር ልጅ ተማርኮ ተርፏል ይላል አልኳት። ወረቀቱ ላይ እያየሁ፣ እንደማነብ ሆኜ።»

ነገሩ በዚያ አላበቃም። አያቴ እሱ በሌለበት መጽሐፉን ከጉድጓድ እያወጣች ለጎረቤት ተማሪዎች «እስቲ ያቺን ቦታ አንብቡልኝ» ማለት ጀመረች። ተማሪ ደግሞ ያልተጻፈ አያነብም። አጎቴ ይህን ሲደርስበት፣ አንድ ሌሊት እውነተኛውን ቅጠል ገንጥሎ አቃጠለው፤ በምትኩ እነዚያን ሦስት መስመሮች ጨምሮ በእጁ ጽፎ ሰፋው። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢያነብላት ልጇ በሕይወት አለ።

በግንቦት 1983 ደርግ ወደቀ። ከኤርትራ የተበተነው ጦር ከፊሉ በሱዳን፣ ከፊሉ በትግራይ አድርጎ በእግሩ ወደ አገሩ ተመለሰ። ባዶ እግሩን፣ እግሩ ያበጠ፣ ጨርቁ ያለቀ ወታደር በዋጃ መንገድ ሲያልፍ ሰነበተ። አያቴ መንገድ ዳር እንስራዋን ይዛ ተቀመጠች። ለእያንዳንዱ ውሃ ትሰጣለች፤ ለእያንዳንዱ ፍየል ጠባቂውን ትጠይቃለች። አጎቴ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከሩቅ ያያታል፤ በሌላ መንገድ ዞሮ ይገባል። ብዙ ምርኮኞች ተፈቱ፣ ተመለሱ። ከዚያ ጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ ቀጠለ። «ማን ወረደ?»። በ1989 እስክትሞት ድረስ።

«ደራሲው እውነቱን ለመጻፍ ነፍሱን ሰጠ» አለኝ አጎቴ። «ያ ሾፌር እውነቱን ለማሻገር ራሱን አጋለጠ። እኔ ቁጭ ብዬ ሳነብ ዋሸሁ። ሬዲዮው ሲዋሽ ስንት ሰድቤዋለሁ! እሱ በማይክራፎን፣ እኔ በኩራዝ ሆነ እንጂ።»

ምን ልበለው? «ለእሷ ስትል ነው» አልኩት።

«እኔም ለራሴ እንደዚያ ነበር የምለው» አለ። «አሥራ ሦስት ዓመት በር ላይ ያቆማት ግን የእኔ ሦስት መስመር ነው። ብነግራት ታለቅስ ነበር፣ ከል ትለብስ ነበር፣ ተዝካሩን ታወጣ ነበር፤ ከዚያ ትቀመጥ ነበር። ማልቀሷን ከለከልኳት።»

ቀጥሎ የነገረኝ ደግሞ የቅርቡን ነው። በ2013 ሐምሌ ጦርነቱ በዚሁ መንገድ ተመልሶ መጣ። ቆቦም ዋጃም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ፣ አጎቴ መጽሐፉን እንደገና ወደ ጉድጓድ አወረደው። ከሽሽት ሲመለስ ቤቱ ተዘርፎ ጠበቀው፤ አቅማዳው ግን የትም አልሄደም። በ2014 የአንዲት ጎረቤቱ ልጅ መሞቱ ተሰማ። ቤተሰቡ ትንሽ እንቆይ፣ እናጣራ፣ አሁን አትችለውም አለ። «ሽማግሌ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ጎህ ሳይቀድ ሄድኩ። በሩን ያንኳኳሁት በዚህ እጄ ነው። ጮኸች፣ ሰደበችኝ። አሁን ግን ቡና ስታፈላ ትጠራኛለች።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያዘጋጀሁትን ዝቅተኛ ቁጥር ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ጥናት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ለደላላነት እንደመጣሁ፣ ሰብሳቢው ያለውንም ሁሉ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የኪራዬን መጠን ጠየቀኝና ደነገጠ። «የእኔ ቢሆን በነጻ እሰጥሽ ነበር» አለኝ። «የሰው ነው። የሰው ብቻም አይደለም፤ የሰውን አደራ አበላሽቻለሁ። ሽፋኑን ያቃጠልኩት ለማዳን ነው፤ ባለቤቱ ይህን ይረዳኛል። ቅጠሉን ግን ሙሉ መጽሐፍ ተቀብዬ አጉድዬዋለሁ።» ከዚያ ቦርሳዬን በዓይኑ አመለከተ። «አንቺ እውነተኛው ገጽ አለሽ አይደል?»

ነበረኝ። ከሱቅ ደብተር ገዛሁ፤ ቁልቋሉ ጥላ ሥር ተቀምጬ የጎደለውን ቅጠል ከኋለኛው እትም በእጄ ገለበጥኩ። በሕይወቴ ብዙ ጽፌያለሁ፤ አንድን ገጽ እንደዚያ ቀስ ብዬ፣ ነጥቡን እንኳ እየቆጠርኩ የጻፍኩበት ጊዜ ግን የለም። የራያው ልጅ የሚጨመርበት ቦታ ስደርስ እጄ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ አለፍኩ። አጎቴ በጆንያ ክር ሰፋው። የራሱን ወረቀት እንዲያወጣው ጠየቅሁት። «አይ፣ እሱም ይቀመጥ፤ ያደረግሁትን ባለቤቱ ይይ» አለ። ስለዚህ አሁን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ አለ።

ለሰብሳቢው መጽሐፉ እንደማይሸጥ ደወልኩለት። ዋጋ ለመጨመር መስሎት ጨመረ። ባለቤቱ አለመመለሱን ስነግረው፣ «ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት የምን ባለቤት ነው? አከተመ እኮ!» አለኝ። ሳያውቀው የመጽሐፉን ስም በአማርኛ ተረጎመው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደ ሥራው ልክ ተናገረ። የመጽሐፍ መሰብሰብንም አላጥላላም፤ የሚሰበስቡ ባይኖሩ ብዙ መጽሐፍ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ በቀረ ነበር። የእሱ ዓይነቱ ቅጂ፣ ንጹሑና ያልተገለጠው፣ መጽሐፉ እንዴት ሆኖ እንደወጣ ይነግረናል። የዋጃው ደግሞ ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ። ለኋለኛው ገበያ ላይ ዋጋ አልወጣለትም።

እኔም የስድስት ወር ኪራዬን ሳላገኝ ተመለስኩ። አጎቴ መንገድ ድረስ ሲሸኘኝ አንድ ነገር አዘዘኝ፤ «ጋዜጠኛ ነሽ፤ ጽፈሽ አስነግሪልኝ» ብሎ። ይህን ሁሉ ያተትኩት ያን ትእዛዝ ለመፈጸም ነው።

በ1976 መጀመሪያ በፊያት 682 ጭነት ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ሲያልፍ፣ ዋጃ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ያደረ፣ ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ የነበረው፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሾፌር፣ ወይም ልጆቹ፣ ወይም የልጅ ልጆቹ፣ ይህን ካነበባችሁ፣ አደራችሁ ዋጃ አለ። ሽፋን የለውም፤ በሒሳብ መጽሐፍ ተሸፍኗል። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል፤ ለምን እንደሆነ አጎቴ ራሱ ይነግራችኋል። የመምህሩ ቤት ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል። መኪናችሁ መንገድ ዳር ሲቆም በር ላይ ወጥቶ የሚጠይቅ ሰው አለ።